የኢሲጂው መስመር አስቸገረኝ፣ እባካችሁ እርዱኝ

ሰላም ለእናንተ። መንዝ፣ መሃል ሜዳ የምሠራ ነርስ ነኝ። ኢሲጂ (የልብን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ በመስመር የሚያሳይ ምርመራ) ሳነሳ መስመሩ በጥቃቅን ጥርሶች ይሞላ ነበር። ከመብራቱ የሚመጣ መሆኑ ገብቶኝ የ50 ኸርዝ ማጣሪያውን ስከፍት ጠፋ። የቸገረኝ ሌላው ነው። የመንዝን ብርድ ታውቁታላችሁ፤ ታካሚው ደረቱን ሲገልጥ ይንቀጠቀጣል፣ መስመሩም አብሮት። ለዚህስ ጋቢ እደርብለታለሁ። በትንፋሹ ግን መስመሩ ከፍ ዝቅ ይላል። የታችኛውን ማጣሪያ (ዝግ ያለውን ውዝዋዜ የሚያስቀረውን) ከ0.05 ወደ 0.5 ኸርዝ ሳሳድገው ቀጥ አለ፤ የኤስቲው (የልብ ደም እጥረት ሲኖር ከፍ ወይም ዝቅ የሚለው የመስመሩ ክፍል) ቅርጽ ግን ተለወጠ። ትናንት ደረታቸውን ያመማቸው አባት መጡ። ኤስቲው ዝቅ ያለው በሕመሙ ይሁን በማጣሪያው መለየት አቃተን። ሪፈር ተጻፈላቸው፤ እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ። ኤስቲውን ሳይነካ ይህን ውዝዋዜ የሚያጠፋ መላ የምታውቁ አላችሁ? ቆዳ ላይ የሚደረገው ኤሌክትሮድ ላይ ይሆን የሳትኩት?