አለቃዬ «ግራፍተር» አለኝ፣ ሰደበኝ ወይስ አመሰገነኝ?

የሊድሱ_ልጅ፦
ሰላም ቤቶች። ግራ ገብቶኝ ነው። እንግሊዝ ከመጣሁ ገና ስምንት ወሬ ነው፣ መጋዘን ውስጥ ነው የምሰራው። ባለፈው ማክሰኞ ሦስት ፓሌት ብቻዬን ጭኜ ስጨርስ የፈረቃ አለቃችን ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ ለሌሎቹ «ይሄ ልጅ ፕሮፐር ግራፍተር ነው» አላቸው። እኔ ደሞ ቃሉን የማውቀው ከዜና ነው፣ የሆነ ሚኒስትር በግራፍት ተከሰሰ፣ የቀድሞ ፕሬዝዳንት በግራፍት ታሰረ ሲሉ፣ ማለት ሙስና። ደሜ ፈላ። ምን ሰረቅኩበት? ከዛ ቀን ጀምሮ ደህና አደርክ ሲለኝ በግድ ነው የምመልስለት። ጭራሽ ትላንት ነርሷ እህቴ ጋ ስደውል የተቃጠለ ሰው ላይ ከሌላ ቦታ ቆዳ ቆርጠው የሚለጥፉትም ግራፍት ይባላል አለችኝ። አንድ ቃል እንዴት ሌባም ጎበዝም ቆዳም ይሆናል? በናታችሁ አስረዱኝ።

አስራ_ሁለት_ክረምት፦
ሃሃሃ ወንድሜ አመስግኖህ ነው! እዚህ አገር ግራፍት ማለት ላብ የሚያንጠፈጥፍ ሥራ ነው፣ ግራፍተር ደሞ ለሥራ የማይሰንፍ። ከዚህ የበለጠ ሙገሳ ከእንደዛ ዓይነት ሽማግሌ አታገኝም። ዜናው ላይ ያየኸው የአሜሪካኖቹ ትርጉም ነው። ጋዜጦች የሚወዱት ደሞ አጭር ስለሆነ ነው፣ በእነሱ ፊደል አምስት ብቻ፣ ኮራፕሽን አስር ነው፣ ርዕስ ላይ ቦታ ይበላል።

ቃል_ለቃሚ፦
ትንሽ ላርዝመው። አንድ ቃል አይደለም፣ ቢያንስ ሁለት ሥር አለው። የቆዳውና የችግኙ ግራፍት የመጣው ግሪኮች «መጻፍ» ከሚሉት ነው፣ ፎቶግራፍ የምንለው ጋ ዘመዳሞች ናቸው። ግሪኮቹ የመጻፊያ ብዕራቸውን በዛ ስም ጠሩት፣ ላቲን ወሰደው፣ ፈረንሳዮቹ ደሞ ሌላ ግንድ ላይ የሚሰካውን ቅርንጫፍ ሹል ብዕር ስለሚመስል በዛው ጠሩት፣ እንግሊዞች መጀመሪያ «ግራፍ» ብለው ተቀብለው ኋላ ት ጨመሩበት። የአለቃህ ግራፍት ግን ከመቆፈር ጋ ነው የሚያያዘው፣ በገጠር እንግሊዝኛ በአካፋ አንዴ የሚዛቅ አፈር ማለት ነበር፣ መቃብር ከሚሉት ግሬቭ ጋ ሥሩ አንድ ነው።
የሌብነቱ ትርጉም አሜሪካ ውስጥ በ1800ዎቹ አጋማሽ ግድም ከሌቦች አፍ ነው የወጣው፣ ኪስ አውላቂ «ሥራዬ» ሲል ግራፍት ይል ነበር። ከየትኛው ሥር እንደተቀዳ መዝገበ ቃላቶቹ እራሳቸው አይስማሙም፣ ገሚሱ ከሥራው ከአካፋው ነው ይላል፣ ገሚሱ ከችግኙ። እኔ ሌባ ማታ ማታ «ሥራ አለኝ» ሲል ስለሚታየኝ ለአካፋው አደላለሁ።

ችግኝ_ጣቢያ፦
እኔ ለችግኙ ነው የማደላው ግን አድሎ ነው ምክንያቱም አቮካዶ ግራፍት አደርጋለሁ 😀 ለጋ ቅርንጫፍ ትቆርጥና ጫፉን ግራና ቀኝ እንደ እርሳስ ታሾለዋለህ፣ የችግኙን ግንድ መሃሉን ሰንጥቀህ ትሰካበታለህ፣ በፕላስቲክ ጥብቅ አድርገህ ታስረዋለህ። ከያዘ ሥሩ የሌላ ነው፣ ውሃውን የሚመጠው ሌላ ነው፣ ፍሬው ግን የተሰካው ነው። አሁን ይሄ የመንግስት በጀት ላይ የተሰካ ሰው አይደለም እንዴ? ብዕር ነው ያልከው ደሞ ገረመኝ፣ በየቀኑ ስቀርጸው ኖሬ አስቤው አላውቅም።

ዲሲ_ታክሲ፦
እዚህ አሜሪካ በፖለቲካው ግራፍት ስማቸው ከሚነሳ ሰዎች አንዱን ልንገራችሁ። ኒውዮርክ ውስጥ ታማኒ ሆል የሚባል የዴሞክራቶች ድርጅት ነበር፣ ከሱ ሰዎች አንዱ ሴናተር ጆርጅ ዋሽንግተን ፕላንኪት ፍርድ ቤቱ ግቢ ሊስትሮ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ለጋዜጠኛ የነገረው በፈረንጆቹ 1905 ታትሟል። ሰውየው ግራፍትን ለሁለት ይከፍለዋል፣ ሐቀኛና ሐቀኛ ያልሆነ። ቁማርተኛና መጠጥ ቤት አስፈራርቶ ብር መብላት ነውር ነው ይላል፣ ግን ከተማው ፓርክ ሊሰራ መሆኑን ቀድሞ ሰምቶ መሬቱን ገዝቶ መልሶ ለከተማው በውድ መሸጥ ሐቀኛ ግራፍት ነው። ከሁሉ የሚያስቀኝ የድንጋዩ ነው። ከተማው 250,000 አሮጌ የመንገድ ድንጋይ ጨረታ አወጣ፣ የሚወዳደሩት ሰዎች መጡ፣ ፕላንኪት አንድ በአንድ እየዞረ ስንት ትፈልጋለህ አላቸው፣ አንዱ 20 ሺህ አንዱ 15 ሺህ አንዱ 10 ሺህ፣ ዝም በሉ በነጻ እሰጣችኋለሁ አላቸውና ሁሉንም በ2 ዶላር ከ50 ሳንቲም ወሰደው! መቃብሬ ላይ «ዕድሉን አየ፣ ያዘው» ብለው ቢጽፉልኝ በቂ ነው ያለ ሰው ነው እንግዲህ። የኛ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» በእንግሊዝኛ ሱፍ ለብሶ ሲሄድ።

አስራ_ሁለት_ክረምት፦
ከጉቦ ጋ ልዩነቱም እዛ ጋ ነው። ጉቦ ላይ ሰጪ አለ፣ ተቀባይ አለ። ድንጋዩ ላይ ማን ጉቦ ሰጠ? ማንም። ግራፍት ሰፋ ይላል።

የቆሎ_ተማሪ_ነበርኩ፦
ጉቦ ካላችሁ «ብራይብ» የሚሉትም ጉድ አለው፣ በድሮ ፈረንሳይኛ ለለማኝ የሚጣል ቁራሽ ዳቦ ነበር፣ እንግሊዝ ሲገባ መጀመሪያ ስርቆት ሆነ፣ ኋላ ነው ዳኛ ኪስ የገባው። ከቁራሽ ዳቦ ተነስቶ። እኛም «ለሻይ» ብለን አይደል የምንጀምረው? የኛ ሙስና ግን ግዕዝ ነው፣ መበስበስ ማለት ነው። ዳዊት ስንደግም «ወኢትሁቦ ለጻድቅከ ይርአይ ሙስና» እንል ነበር፣ ጻድቅህ መቃብር ውስጥ መበስበስን ያይ ዘንድ አትሰጠውም። ልጅ ሆኜ ሬዲዮ ላይ ፀረ ሙስና ሲሉ ትንሳኤ ሙታን የሚሰብኩ ነበር የሚመስለኝ።

ዲሲ_ታክሲ፦
@የቆሎ_ተማሪ_ነበርኩ ገደልከኝ 😂

የሊድሱ_ልጅ፦
ኧረ ጉድ! ሰውየውን ሳምንት ሙሉ አኩርፌው ነበር እኮ። ትላንትማ ብስኩት ሲዘረጋልኝ አልፈልግም ብዬ ዞርኩ። ነገ በእረፍት ሰዓት ሻይ እገዛለታለሁ። ሻይ ስል የእውነት ሻይ ነው፣ ወተት ያለው።