ሰገራ ላይ ደም እያየሁ «ለኮሎኖስኮፒ ዕድሜህ አልደረሰም» ተባልሁ

ጠያቂ፦
ዕድሜዬ 34 ነው። ከጥቂት ወራት ወዲህ ስጸዳዳ ደም ይታየኛል፤ ሰገራዬም ቀጥኗል፣ ተጸዳድቼ ከተነሣሁ በኋላ እንኳ ያልጨረስኩ ይመስለኛል። ያነጋገርኩት ሐኪም ሳይመረምረኝ ኪንታሮት ነው ብሎ ቅባት አዘዘልኝ፤ ቅባቱ ቢያልቅም ደሙ አልቆመም። ኮሎኖስኮፒ (ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ ትልቁን አንጀት ከውስጥ የማየት ምርመራ) ስጠይቅ ግን ከ45 ዓመት በታች አያስፈልግም ተባልሁ። ልጠብቅ ወይስ ሌላ ሐኪም ልፈልግ?

መልስ 1፦
አይጠብቁ። 45 የሚለው ቁጥር ምንም ምልክት ለሌላቸው ሰዎች የወጣ ነው፤ በአሜሪካ የመከላከያ ሕክምና መመሪያ የሚያወጣው ግብረ ኃይል እ.ኤ.አ. በ2021 የምርመራውን መነሻ ዕድሜ ከ50 ወደ 45 ዝቅ ያደረገውም የትልቁ አንጀት ካንሰር በወጣቶች ላይ እየበዛ ስለመጣ ነው። እርስዎ ግን ምልክት ስላለብዎት ቁጥሩ አይመለከትዎትም። በቤተሰብዎ ይህ በሽታ የያዘው ሰው አለ?

ጠያቂ፦
አባቴ በ44 ዓመታቸው የትልቁ አንጀት ካንሰር ተገኝቶባቸው ነበር። ሐኪሙ አልጠየቀኝም፣ እኔም አላነሣሁም።

መልስ 2፦
እንግዲያው ምልክት ባይኖርዎትም ጊዜው ደርሷል። ወላጁ ወይም ወንድም እህቱ የታመመበት ሰው በ40 ዓመቱ፣ ወይም ዘመዱ በሽታው ከተገኘበት ዕድሜ 10 ዓመት ቀደም ብሎ፣ ከሁለቱ በሚቀድመው እንዲመረመር ይመከራል፤ ከ44 ላይ 10 ሲቀነስ 34 ነው።

በሙያዬ ነርስ ነኝ፤ አንድ ነገር ልጨምር። ኪንታሮትና ዕጢ በአንድ ሰው ላይ አብረው ሊገኙ ስለሚችሉ፣ ኪንታሮት መኖሩ ቢረጋገጥ እንኳ ሌላውን አያስቀርም። የወጣቶች ዕጢ በአብዛኛው በግራው የአንጀት ክፍልና በፊንጢጣ ላይ የሚወጣ በመሆኑ፣ ዝቅ ያለው ጓንት ባጠለቀ ጣት ሊዳሰስ ይችላል፤ ይህ ምርመራ ደቂቃ እንኳ የማይፈጅ ሆኖ ሳለ መዘለሉ ያሳዝናል። በሰገራ ውስጥ የተሸሸገ ደም የሚፈልገውን ምርመራ ብቻ አሠርተውም አይመለሱ፤ እርስዎ ደሙን በዓይንዎ አይተውታል። የሚያስፈልግዎት ኮሎኖስኮፒ ነው፤ ፖሊፕ (በአንጀት ግድግዳ ላይ የሚበቅል ትንሽ እብጠት) ቢገኝ በአብዛኛው እዚያው ተቆርጦ ይወጣል፣ አጠራጣሪ ነገር ካለም ናሙና ይወሰዳል። ከእርሱ ጋር የደም ማነስ መኖሩን የሚያሳዩትን የሂሞግሎቢንና የብረት ክምችት ምርመራዎች ይጠይቁ።

መልስ 3፦
ከአባትዎ ወገን በማህፀን ካንሰር የታመመች ሴት ካለች ይህንንም ለሐኪሙ ይንገሩ። ሊንች ሲንድረም የሚባለው በዘር የሚተላለፍ ችግር ሁለቱንም ካንሰሮች ያመጣልና፣ ከተጠረጠረ እህት ወንድሞችዎም የዘረመል ምርመራ ሊያስፈልጋቸው ይችላል።