የተበሳ የወረቀት ቴፕ ያለ ማንበቢያ ማሽን እንዴት ይነበባል?

ጠያቂ (ደብረ ብርሃን)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከድሮ ኤንሲ ቶርኖ (በቁጥር ትእዛዝ ከሚሠራ የብረት መቅረጫ ማሽን) ጋር የመጣ የተበሳ የወረቀት ቴፕ አለ። ስፋቱ 25 ሚሜ፣ ርዝመቱ 12 ሜትር ገደማ። በየረድፉ 8 የመብሻ ቦታ፣ መሃል አካባቢ ደግሞ ሳይቋረጡ የሚሄዱ ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉት። ማንበቢያው የለም። ወረቀቱ ቅባት ቅባት ይላል፤ እንደ ስፕሪንግ ተጠቅልሏል። ሳይቆረጥ ፕሮግራሙን ወደ ኮምፒውተር ማውጣት ይቻላል?

የጣርማበሩ፦
ይቻላል ወንድሜ፤ ፎቶ ኮፒ ቤት ያለው ተራ ስካነር ይበቃል። ቅባቱ አያሳስብህ፤ መብሻው እንዳይደንዝ ሆን ተብሎ የተቀባ ነው። በቤንዚን ወይም በአልኮል እንዳታጸዳው። ለማቃናት ከባድ መጽሐፍ ሥር ሁለት ቀን አስተኛው። ካውያ አይንካው፤ ፀሐይ ላይም አይሰጣ። የደጋ ፀሐይ ካደረቀው በትንንሾቹ ቀዳዳዎች መስመር ይቀደዳል።

መስታወቱ ላይ አስተኝተህ ጀርባውን በጥቁር ወረቀት ሸፍን፤ ቀዳዳው ጠቁሮ ይወጣል። ረድፍ ከረድፍ 2.54 ሚሜ ስለሚራራቅ በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ብታነሳ በየ30 ፒክስሉ አንድ ረድፍ ታገኛለህ። መስታወቱ 29.7 ሳ.ሜ. ከሆነ በየጊዜው 28 ብቻ ግፋው፤ የሚደራረቡት 6 ረድፎች ምስሎቹን ለመቀጠል ይረዱሃል። ወደ 43 ምስል፣ 4,700 ረድፍ ይሆናል። አድካሚ ነው፣ ግን ቴፑ አይጎዳም።

ትንንሾቹ ቀዳዳዎች ትክክል መሃል ላይ አይደሉም፤ በአንድ በኩል 3፣ በሌላው 5 መስመር አለ። 3ቱ ባሉበት በኩል የዳሩ መስመር 1ኛ ነው፤ ከዚያ 2ኛና 3ኛ፣ ትንሹን ቀዳዳ ተሻግረህ 4ኛ እያልክ እስከ 8ኛ ቁጠር። ቴፑ ቢገለበጥም ይህ አይለወጥም፤ የሚለወጠው አቅጣጫው ነው።

መሐል ሜዳ፦
ከመፍታትህ በፊት ኮዱን ለይ፤ የተለመዱት ሁለት የመብሻ ኮዶች ኢአይኤና አይኤስኦ ናቸው። በየረድፉ ያሉት ቀዳዳዎች ቁጥር ሁልጊዜ ጎዶሎ (1፣ 3፣ 5…) ከሆነ ኢአይኤ፣ ሁልጊዜ ሙሉ (2፣ 4፣ 6…) ከሆነ አይኤስኦ ነው። ልዩነቱ ቀላል እንዳይመስልህ፤ ቁጥር 3 በኢአይኤ 1፣ 2 እና 5 ላይ ይበሳል፣ በአይኤስኦ 1፣ 2፣ 5 እና 6 ላይ። አንድ ቀዳዳ ብቻ ነው የሚለያቸው። የእያንዳንዱ ትእዛዝ መጨረሻ ምልክት ደግሞ በኢአይኤ 8ኛው ብቻውን፣ በአይኤስኦ 2ኛና 4ኛው ናቸው። ይህ ምልክት ቴፑ ላይ ቶሎ ቶሎ ስለሚመላለስ መጀመሪያ እሱን ፈልግ። በአይኤስኦ ስምንቱም የተበሱበት ረድፍ የተሰረዘ ስለሆነ እለፈው።

ጠያቂ፦
እናመሰግናለን። የመጀመሪያውን ምስል ቆጠርኩ፤ ሙሉ ነው፣ ግን ሦስት ረድፎች ላይ ጎዶሎ ወጣ።

መሐል ሜዳ፦
አይኤስኦ ነው ማለት ነው። ሦስቱን ረድፎች በማጉያ መነጽር እያቸው። አብዛኛውን ጊዜ ሲበሳ ያልተቆረጠ ክብ ቅንጣቢ በአንድ ጎኑ ተንጠልጥሎ ቀዳዳውን ይደፍነዋል። በለስላሳ ቡሩሽ ከጀርባ በኩል ገፋ አድርገውና ያንን ክፍል ብቻ ደግመህ አንሳ። ቅንጣቢ ካልተገኘ የቅባት ነጠብጣብ እንደ ቀዳዳ ተቆጥሮ ይሆናል፤ የነጠብጣቡ ዳር ደብዘዝ ያለ፣ የቀዳዳው ዳር ግን ቁርጥ ያለ ነው።