«ከዘነበ»፣ «ቢዘንብ»፣ «ቢዘንብ ኖሮ» በእንግሊዝኛ እንዴት ይጻፋሉ?

የሄርማታዋ፦ ጤና ይስጥልኝ፣ ከጅማ ነው። ስለ ቡና አደራረቅ የእንግሊዝኛ ሪፖርት እየጻፍኩ ነው። «ነገ ከዘነበ ቡናውን እንሸፍናለን» ለማለት «ኢፍ ኢት ዊል ሬይን ቱሞሮው» ብዬ ጻፍኩና ተሰመረበት። ነገ ገና አልመጣ፣ «ዊል» ለምን አይገባም? «ቢዘንብ» እና «ቢዘንብ ኖሮ»ስ በምን ይለያሉ?

ከጅሬን፦ እኅቴ፣ «ዊል» የሚገባው በውጤቱ በኩል ነው። «ኢፍ» ላለበት ሐረግ የአሁን ጊዜ ግስ ይበቃዋል፦ «ኢፍ ኢት ሬይንስ ቱሞሮው፣ ዊ ዊል ከቨር ዘ ኮፊ»። «ሬይንስ» ላይ ያለችውን «ኤስ» እንዳትረሺ።

የሚያሳስተን የራሳችን ግስ ነው፤ ከእንግሊዝኛው ጋር ተቃራኒ ይሄዳል። «ከዘነበ» ውስጥ ያለው «ዘነበ» የኃላፊ ጊዜ ቅርጽ ነው፣ እንግሊዝኛው ግን የአሁን ይፈልጋል። «ቢዘንብ» ውስጥ ያለው «ይዘንብ» ደግሞ ገና ያልተፈጸመ ነው፣ እንግሊዝኛው ግን ኃላፊ ይፈልጋል፦ «ኢፍ ኢት ሬይንድ፣ ዊ ዉድ ከቨር ዘ ኮፊ»። ስለዚህ የግሱን ቅርጽ እያየሽ አትተርጉሚ። መጀመሪያ ነገሩ ሊሆን ይችላል ወይስ እንዲያው ግምት ነው የሚለውን ለዪ።

«ኖሮ» ካለች አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ ያለፈ ነው፣ አልሆነምም። ያኔ በ«ኢፍ» በኩል «ሃድ» እና ሦስተኛው የግስ ቅርጽ፣ በውጤቱ በኩል «ዉድ ሃቭ» እና እንደገና ሦስተኛው ቅርጽ፦ «ኢፍ ኢት ሃድ ሬይንድ፣ ዊ ዉድ ሃቭ ከቨርድ ዘ ኮፊ»። «ነበር»ን ምልክት አታድርጊ፤ «ቢዘንብ እንሸፍን ነበር» ውስጥም አለች። የምትለየው «ኖሮ» ናት።

አዌቱ ዳር፦ የሪፖርት ዓረፍተ ነገር አብዛኛው ሁልጊዜ እውነት የሆነ ነገር ስለሆነ በሁለቱም በኩል የአሁን ጊዜ ነው፦ «ኢፍ ኮፊ ስቴይስ ዌት፣ ሞልድ ግሮውስ»። «ካልደረቀ»ን በ«አንለስ» ስትጽፊ «ኖት» አትጨምሪ፤ አሉታው «አንለስ» ውስጥ አለ። «አንለስ ኢት ደዝ ኖት ድራይ» ብሎ የጻፈ «ቡናው ከደረቀ ይሻግታል» እንዳለ ይቆጠራል! «ኢፍ» ስትቀድም በሁለቱ ሐረጎች መካከል ኮማ ይገባል፣ ከኋላ ስትመጣ ግን አያስፈልግም።

የሄርማታዋ፦ «ኢፍ ኢት ዉድ ሃቭ ሬይንድ»ስ? ሲባል እሰማለሁ።

ከጅሬን፦ በንግግር ይሰማል፣ በጽሑፍ ግን ያሰምሩበታል። «ሃድ ሬይንድ» በይው። «ዉድ ሃቭ»ንም በጆሮሽ እየሰማሽ «ዉድ ኦፍ» ብለሽ እንዳትጽፊ።