ስዊዝ ካናል ከተከፈተ በኋላ የሸራ መርከቦች ለምን አፍሪካን ይዞሩ ነበር?

ሻይ_ወዳጅ፦
ሰላም ቤተሰብ። አንድ ያልገባኝ ነገር አለ። ስዊዝ ካናል የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1869 ነው፤ የለንደንና የቦምቤይን መንገድ በ40 በመቶ ገደማ አሳጥሮታል። ታዲያ ከቻይና ሻይ የሚያመጡት ፈጣን የሸራ መርከቦች ከዚያም በኋላ ደቡብ አፍሪካን ዞረው ነበር የሚመጡት። ክፍያው ከብዷቸው ነው እንዴ?

ነፋስ_አሳዳጅ፦
ክፍያም አለ፣ ዋናው ግን ነፋሱ ነው። ካናሉ ጠባብ ስለሆነ ሸራ ዘርግተህ አታልፍም፤ በእንፋሎት ጀልባ መጎተት አለብህ፣ እሱም በብር ነው። እሺ ከፈልክ እንበል። የቀይ ባሕር ሰሜኑ ክፍል ላይ ግን ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል ከሰሜን ወደ ደቡብ ነው የሚነፍሰው፣ ስለዚህ ሻይህን ጭነህ ወደ ስዊዝ ስትመጣ ነፋሱ ፊት ለፊት ይገጥምሃል፣ ግራና ቀኝ እየተመላለስክ ትንሽ በትንሽ ልትጠጋ ነው፣ ዳርና ዳሩ ደግሞ ኮራል ሪፍ፣ ማለት መርከብ የሚሰብር የባሕር ውስጥ ቋጥኝ። በአፍሪካ ስትዞር መንገዱ ይረዝማል እንጂ ነፋሱ በአብዛኛው ይገፋሃል። በ1866 ከቻይናዋ ፉዡ ወደብ የተነሱ ሦስት የሻይ መርከቦች በ99 ቀን ገደማ ለንደን ገብተዋል፣ ያውም በአንድ ቀን! ታይፒንግ አሪየልን ቀድማ ወደብ የገባችው በ28 ደቂቃ ብቻ ነው።

የወደብ_ሰው፦
እኔን የምታሳዝነኝ ካቲ ሳርክ የምትባለው የሸራ መርከብ ናት። ለሻይ ንግድ ተብላ ስኮትላንድ ተሠራች፤ ባሕር ላይ የወረደችው ካናሉ በተከፈተ በ5ኛው ቀን! የእንፋሎት መርከቦች ነፋስ ስለማይለምኑ በካናሉ እየመጡ የሻይ ገበያውን ወሰዱባት። እሷም ወደ አውስትራሊያ ሱፍ ዞረች፤ እዚያ መንገዱ ረጅም ነው፣ እንፋሎት ለሚነዳው የከሰል ወጪው ይከብዳል። በ1880ዎቹ ከሲድኒ እንግሊዝ በ73 ቀን ደርሳለች። አሁን ግሪኒች ላይ ሙዚየም ናት።

ሻይ_ወዳጅ፦
አመሰግናለሁ። ግን ቆይ፣ ነፋሱ እንዲህ ከሆነ በአክሱም ዘመን ከአዱሊስ ወደብ ወደ ግብፅ በሸራ እንዴት ይመለሱ ነበር?

ነፋስ_አሳዳጅ፦
አሪፍ ጥያቄ! መምጣቱ ቀላል ነው፣ ነፋሱ ከኋላ ነው። በ1ኛው ክፍለ ዘመን በግሪክኛ የተጻፈ የነጋዴዎች መመሪያ ከግብፅ ወደ አዱሊስ ለመነሳት ሴፕቴምበር ይሻላል ይላል። ሲመለሱ ደግሞ ብዙዎቹ ስዊዝ ድረስ አይደርሱም። በረኒቄ የሚባለው ወደብ ሆን ተብሎ ወደ ደቡብ ራቅ ብሎ ነው የተቆረቆረው፤ ዕቃውን እዚያ አራግፈው በረሃውን በግመል 12 ቀን ገደማ ያቋርጣሉ፣ ከዚያ በዓባይ ወንዝ ወደ እስክንድርያ። ከነፋሱ ጋር ከመታገል ግመሉ ይሻላቸው ነበር።