ከ1937 እስከ 1945 በዲዚ ጊለስፒ ትራምፔት ላይ ምን ተለወጠ?

ጥያቄ፦

የአሜሪካዊውን የጃዝ ትራምፔት ተጫዋች የዲዚ ጊለስፒን ቀደምት ሸክላዎች በጊዜ ቅደም ተከተላቸው እያዳመጥኩ ነው። እ.ኤ.አ. በ1937 ከቴዲ ሂል ኦርኬስትራ ጋር በተቀረጸው «ኪንግ ፖርተር ስቶምፕ» ላይ የሚሰማው ሶሎ (የብቻ ጨዋታ) ከእርሱ በፊት በዚያው ኦርኬስትራ ይጫወት የነበረውን ሮይ ኤልድሪጅን እጅግ ስለሚመስል፣ ተጫዋቹ ማን እንደሆነ ባላውቅ ኖሮ ኤልድሪጅ ነው እል ነበር። በ1945ቱ «ሾው ነፍ» ላይ ግን ፍጹም ሌላ ሰው ነው። በመካከል ያለውን ጉዞ የሚያሳዩ ቅጂዎች ይኖሩ ይሆን?

መልስ፦

አሉ፤ ነገር ግን ጥቂት ናቸው። የአሜሪካ ሙዚቀኞች ማኅበር በክፍያ ጉዳይ ከሸክላ አሳታሚዎች ጋር ባለመስማማቱ ከኦገስት 1942 ጀምሮ አባላቱ ለሸክላ እንዳይጫወቱ አግዶ ነበር። ከአሳታሚዎቹ ዴካ በ1943 ሲስማማ፣ ቪክተርና ኮሎምቢያ ግን እስከ 1944 መገባደጃ ድረስ በእምቢታቸው ስለጸኑ፣ ቢባፕ የተባለው አዲሱ የጃዝ አጨዋወት በኒው ዮርክ በሃርለም ሰፈር የምሽት ክበቦች ሲበስል በወቅቱ የቀረጸው አልነበረም ማለት ይቻላል። ከእገዳው በፊት፣ ጊለስፒ ራሱ ደርሶ በ1940 ከካብ ካሎዌይ ኦርኬስትራ ጋር የተጫወተውን «ፒኪን ዘ ካቤጅ» ይስሙ። ቀጥሎም በፌብሩዋሪ 1944 ሳክስፎን ተጫዋቹ ኮልማን ሃውኪንስ ጊለስፒን ይዞ ለአፖሎ ኩባንያ ያስቀረጸውን «ዉዲን ዩ» ያዳምጡ፤ ብዙዎች የመጀመሪያው የቢባፕ ቀረጻ የሚሉት ያንን ነው።

ሌላ መልስ፦

እገዳው ብዙ ነገር መደበቁ እውነት ቢሆንም፣ ለሁሉም ነገር እርሱን ተጠያቂ ማድረግ የተለመደ ማጋነን ይመስለኛል። ሌላው ትራምፔት ተጫዋች ሃዋርድ መጊ ከአንዲ ከርክ ኦርኬስትራ ጋር የተጫወተው «መጊ ስፔሻል» የተቀረጸው እገዳው ሊጀምር ጥቂት ሲቀረው በ1942 ሲሆን፣ ሽግግሩ በዚያ ላይ በግልጽ ይሰማል። ለውጡንም በፍጥነት ብቻ አይፈልጉት፤ ኤልድሪጅም ፈጣን ነበር። ይልቁንም ሐረጉ የት ላይ እንደሚያርፍ ልብ ይበሉ፦ ጊለስፒ በመሠረታዊው ኮርድ (በአንድነት የሚሰሙ ድምፆች ስብስብ) ላይ ተጨማሪ ኮርዶችን እየደረበ፣ በተለይም ዝቅ በተደረገው አምስተኛ ድምፅ ላይ ሐረጉን ሲያሳርፍ፣ ከቢባፕ በፊት የነበረውን የስዊንግ ጃዝ የለመደ ጆሮ ስህተት የሚለውን ድምፅ የዜማው ማዕከል ያደርገዋል።

የጠያቂው ምላሽ፦

አመሰግናለሁ። በኖቬምበር 1945 ሳክስፎን ተጫዋቹ ቻርሊ ፓርከር ለሳቮይ ኩባንያ ባስቀረጸው «ኮ-ኮ» ላይስ ትራምፔቱን የሚጫወተው ማይልስ ዴቪስ ነውን?

መልስ፦

አይደለም፣ ጊለስፒ ነው። ማይልስ ያኔ የ19 ዓመት ወጣት ሲሆን፣ በዚያው ቀን በተቀረጹት «ናውስ ዘ ታይም» እና «ቢሊስ ባውንስ» ላይ የሚሰማው ግን እርሱ ነው። በ«ኮ-ኮ» መግቢያ ትራምፔቱና ሳክስፎኑ አንድ ላይ ከጀመሩ በኋላ፣ ትራምፔቱ በታፈነ ድምፅ ለ8 ባር (የምት ክፍል) ብቻውን ይወጣል፤ ከዚያ ፓርከር በተመሳሳይ ርዝመት ይመልስለታል። ያልተሳካውንም ሙከራ ቢያገኙ ይስሙት፤ ኮርዱ የተወሰደበትን የ«ቸሮኪ»ን ዜማ መጫወት ሲጀምሩ ቀረጻው ይቋረጣል።

ከጊለስፒ ሌላ ትራምፔት ተጫዋቹን ፋትስ ናቫሮን ሳይሰሙ አይለፉ። በ1950 ገና በ26 ዓመቱ ስላረፈ ሥራው ጥቂት ነው፤ ሆኖም የድምፁ ሙላትና የሐረጎቹ ጥራት፣ በእኔ ጆሮ፣ ከጊለስፒም ይበልጣል። በ1947 ከፒያኖ ተጫዋቹ ታድ ዳመሮን ጋር በተጫወተው «አወር ዲላይት» ይጀምሩ፤ ከዚያ በ1948 ከመጊ ጋር እየተቀባበሉ ወደተጫወቱት «ደብል ቶክ» ይሻገሩ፤ ሁለቱን ትራምፔቶች ለመለየት ደጋግሞ መስማት ያስፈልጋል።