«መደምሰስ» ወይስ «መደረብ»? በተርሚናል ላይ የታየን ጽሑፍ ስለ መለወጥ

ጥያቄ፣ ከደሴ፦ ለተማሪዎቼ የፕሮግራም ማስተማሪያ በአማርኛ እያዘጋጀሁ ነው። ፋይል ሲቀዳ በተርሚናሉ፣ ማለትም ትእዛዝና መልስ በጽሑፍ ብቻ በሚታይበት መስኮት፣ ላይ የሚወጣውን «በመቅዳት ላይ» የሚለውን ጽሑፍ፣ ሥራው ሲያበቃ 13 ቁጥር ኮድ ልኮ «አለቀ» በሚል የሚለውጠውን ክፍል «የቀድሞውን ጽሑፍ መደምሰስ» ብዬ ሰየምሁት። ተማሪዬ ግን «ሲደመሰስ አላየሁም» አለኝ፤ በእርግጥም በመስኮቱ ላይ የቀረው «አለቀዳት ላይ» የሚል ነበር። የተሳሳተው ቃሉ ነው ወይስ ፕሮግራሙ?

መልስ፣ ከሐይቅ፦ ሁለቱም ናቸው፤ ፕሮግራሙን ያሳሳተው ግን ቃሉ ይመስለኛል። እርስዎ የተጠቀሙበት 13 ቁጥር ኮድ፣ ካሬጅ ሪተርን የሚባለው፣ ከጽሕፈት መኪናና ከቴሌታይፕ የተወረሰ በመሆኑ ጠቋሚውን (ቀጣዩ ፊደል የሚጻፍበትን ቦታ የሚያሳየውን ምልክት) ወደ መስመሩ መነሻ ከመመለስ በቀር አንዲት ፊደል እንኳ አያጠፋም። «አለቀ» ሦስት ፊደል ስለሆነ «በመቅ»ን ብቻ ሸፈነ፣ የተረፈው ባለበት ቀረ። «ደመሰሰ» ፈለግ እስኪጠፋ ማጥፋት ነው፤ ጠላት ይደመሰሳል፣ ኃጢአት ይደመሰሳል። የእርስዎ ፕሮግራም የሠራው መደረብ ነው፤ ያተረፈልዎትም በየውሉ ግርጌ «ስርዝ ድልዝ የለበትም» እየተባለ የሚማልበትን ዓይነት ድልዝ ነው።

ለማጥፋት ከፈለጉ፣ ጠቋሚው ከተመለሰ በኋላ 27 ቁጥር ኮድ የሆነውን ኢስኬፕ፣ ቀጥሎ ከፋች የማዕዘን ቅንፍ ([)፣ ቀጥሎም የእንግሊዝኛውን ትልቁን ኬ (K) ይላኩ፤ ይህ ከጠቋሚው አንሥቶ እስከ መስመሩ መጨረሻ ያለውን ያነሣል። በ1978 እ.ኤ.አ. የወጣው ቪቲ 100 የተባለው የተርሚናል መሣሪያም በዚሁ ትእዛዝ ይሠራ ነበር። እኔ ይህን «መፋቅ» እለዋለሁ፤ ብራና ጸሐፊ የሳተውን ቃል በምላጭ የሚፍቀው ሌላውን መስመር ሳይነካ ነውና።

መልስ፣ ከኮምቦልቻ፦ «መፋቅ» ደስ ብሎኛል፤ «መደረብ» ግን ያሰጋኛል። ጋቢ በነጠላ ላይ ሲደረብ ነጠላው ከሥር አለ፤ በተርሚናሉ ላይ ግን የተሸፈነው ፊደል አዲሱ ቢነሣም ተመልሶ አይታይም። ስለዚህ ፊደል በፊደል «መተካት» ቢባል ይሻላል እላለሁ።

ገጹን በሙሉ ለሚያነሣው፣ ከኢስኬፕና ከቅንፉ ቀጥሎ 2 እና ትልቁ ጄ (J) ለሚጻፍበት ትእዛዝ፣ «ማጠብ» የሚለውን አቀርባለሁ። በእኛ ሰፈር ቁርአን ቤት ልጆች የእንጨት ሰሌዳቸውን፣ ትምህርቱ ሲያዝ በውኃ አጥበው አድርቀው፣ የሚቀጥለውን ይጽፉበታል፤ ጥላሸት ቀለም ያዘለው ውኃ ሲወርድ ዛሬም በዐይኔ ላይ አለ።

ጠያቂው፦ አመሰግናለሁ፤ «ጠቋሚውን መልስ፣ መስመሩን ፋቅ፣ አዲሱን ጻፍ» ብዬ አስተካክያለሁ፤ ተማሪዬም ያለ ማብራሪያ ገብቶታል። «ማጠብ»ን ስሞክር ግን ገጹ ባዶ ሆኖ አዲሱ ጽሑፍ ከመሃል ጀመረ።

ከኮምቦልቻ፦ ሰሌዳው ቢታጠብም ብዕሩ የነበረበት ቦታ ቆሟል ማለት ነው። ኢስኬፕንና ቅንፉን እንደገና ልከው ትልቁን ኤች (H) ያስከትሉ፤ ጠቋሚው ወደ ላይኛው ግራ ጥግ ይሄዳል።